ጀርመን ኪራይ ቤት የገባችሁ፦ ማንም በአፍ የማይነግራችሁ የሕንፃ ኑሮ ሥርዓት

ዋርካ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቪዛና ስለ ቋንቋ ፈተና እዚህ ብዙ ተብሏል። ቤት ከተገኘ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን ምክሩ የትም ተበታትኖ ስለቀረ በአንድ ቦታ እንሰብስበው። የምታውቁትን ጨምሩ፣ የተሳሳተ ካያችሁም አርሙ። ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አገር ቤት አዲስ ጎረቤት ሲገባ ሰው መጥቶ ቤት ለእንቦሳ ይላል፣ ቡና ይጠራል፤ ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ በዚያው ይነገራል። እዚህ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ነው የሚመጣው። ከኪራይ ውሉ ጋር የሚያያዝ «ሃውስኦርድኑንግ» የሚባል የቤት ደንብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ታች መግቢያው ላይም ይለጠፋል። ጎረቤታችሁ ደንቡን አንብባችኋል ብሎ ነው የሚያስበው። ቅር ሲለው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ወረቀት ይለጥፋል፣ ከዚያ ለአከራዩ ይጽፋል። እኛ ደግሞ ዝምታውን ጥላቻ አድርገን እንተረጉማለን፤ ወረቀቱ ሲመጣም እንደ ስድብ እንቆጥረዋለን። እዚህ አገር ወረቀት መለጠፍ ፊት ለፊት ከመጨቃጨቅ የለዘበ መንገድ ተደርጎ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ደንቡን በገባችሁበት ሳምንት በትርጉም መተግበሪያ አንብቡት። በተለይ የጸጥታ ሰዓት፣ የደረጃ ጽዳት ተራ፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እና በረንዳ ላይ ከሰል ስለማቀጣጠል የሚሉትን ፈልጉ።

ሌላው የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስም መለጠፍ ነው፤ በደወሉም በፖስታ ሳጥኑም ላይ። አብዛኛው የመኖሪያ ሕንፃ በአድራሻ የሚጻፍ የክፍል ቁጥር የለውም፤ ፖስተኛው የሚፈልገው ስም ነው። ስም ካጣ ደብዳቤውን ይመልሰዋል። እኛ ዘንድ ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጅ ደግሞ በአባቱ ስም ስለሚጠራ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ሊመዘገብ ይችላል። ሦስቱንም ሳጥኑ ላይ ጻፉ። የእናንተ የትኛው ሆኖ እንደተያዘ ለማወቅ ፓስፖርታችሁ ግርጌ ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች እዩ፤ ላይኛው መስመር ላይ ከአገሩ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አንዳንዱ ሰው የአባቱ፣ አንዳንዱ የአያቱ ስም ነው ያለበት። ሐኪም ቤት ተራ ሲደርስም በዚያው ስም ነው የሚጠራው። «ፍራው» (ወይዘሮ) ተብሎ የአያቷ ስም ሲጠራ የኔ ነው ብላ የማትነሳ ሴት ብዙ ናት፤ ተራውም ያልፋታል።

አባ ቀጠሮ
ዋርካ፣ ጥሩ አድርገህ ጀመርከው። የነዋሪነት ምዝገባውን እኔ ልጨምር። ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ፤ «አንሜልዱንግ» የሚሉት ነው። የኪራይ ውሉ ብቻ አይበቃም። አከራዩ የሚፈርመው «ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ» የሚባል የተለየ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ቁልፍ ስትረከቡ በዚያው አስፈርሙት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገባችሁ የግብር መለያ ቁጥሩ በፖስታ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ሳጥኑ ላይ ስም አለመኖሩ የሚጎዳው።

ከምዝገባው በኋላ የራዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤ ይደርሳችኋል። በወር 18.36 ዩሮ ነው፣ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም። «ቴሌቪዥን የለኝም» ብሎ መጣል አያዋጣም፤ ዕዳው ይጠራቀማል። የሚከፈለው ግን በቤት እንጂ በሰው አይደለም። አብሯችሁ የሚኖር ሰው የሚከፍል ከሆነ የሱን የክፍያ ቁጥር ጽፋችሁ መልሱ። የማኅበራዊ ድጎማ የሚቀበል ሰው ነፃ መሆን ይችላል፤ ማመልከቻ ማስገባት ግን የራሱ ፋንታ ነው።

አሁን ወደ ስሜ ልግባ፣ ወደ ቀጠሮ። «ሃልብ አኽት» ሲሏችሁ 7፡30 ማለት ነው እንጂ 8፡30 አይደለም። በዚያ ላይ ጭንቅላታችን 7፡30ን «አንድ ሰዓት ተኩል» ብሎ ስለሚያስብ ሁለት ጊዜ ይምታታል። ስልካችሁን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። ቀጠሮ ሲሰጣችሁም በቁጥር መልሳችሁ ድገሙላቸው፤ «ሰባት ሰዓት ከሠላሳ፣ ጠዋት» ብላችሁ። ስታረፍዱ ደውሉ፤ አምስት ደቂቃም ቢሆን። ሐኪም ጋ መቅረት ካለባችሁ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ሰርዙ፤ ቀጠሮ ብቻ የሚቀበሉ ሐኪሞች ባዶ የቀረውን ሰዓት ሊያስከፍሉ ይሞክራሉ።

ረከቦት
ቡና ሳይነሳ ይህ ውይይት ማለፍ የለበትም። እሳት አደጋ የሚያስጠራ ስህተት ስላለበት በዝርዝር እጽፋለሁ።

የጭስ ጠቋሚ በሁሉም ክፍለ ግዛት ግዴታ ነው። የሚሰቀለው መኝታ ክፍል፣ የልጆች ክፍል እና መውጫ የሆነው ኮሪደር ላይ ነው፤ ኩሽና ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ኩሽና ውስጥ የተቆላ ቡና ራሱ አይደለም ደወሉን የሚያስጮኸው። የሚያስጮኸው የሚጨሰውን መቁያ ይዘን እንግዳውን ጭሱን ልናሸትት ወደ ሳሎን ስንወጣ ነው፤ መንገዱ በኮሪደሩ ጠቋሚ ሥር ያልፋል። እንግዶቹን ወደ ኩሽና ጥሯቸው።

አቆላሉ፦ መጀመሪያ የኩሽናውን በር ዝጉ፣ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ከምድጃው በላይ ያለውን ጭስ መሳቢያ ከማመናችሁ በፊት ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ እንዳለው እዩ። ኪራይ ቤት ውስጥ ያለው ብዙው አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ይመልሰዋል፤ ሽታ ይቀንስ ይሆናል እንጂ የቡና ጭስ አያወጣም። በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ግራም ብቻ፣ በመካከለኛ እሳት። ጭሱ የሚበረታው ፍሬው መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ነው፤ እዚያ ላይ እሳቱን ቀንሱ። ጥቁር እስኪል ከማቆየት ቡናማ ሲሆን አውርዳችሁ በሳህን ብትበትኑት ጭሱ ይቀንሳል፤ ለጀበናም አያንስም።

ደወሉ ከጮኸ መሐል ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ብዙዎቹ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ይላሉ። በፎጣ አራግቡት፣ መስኮት ክፈቱ። የማይደረገው አንድ ነገር፦ ጭሱ ይውጣ ብሎ የደረጃውን በር መክፈት። ደረጃው የሁሉም ሰው መሸሻ ስለሆነ እዚያ ጭስ ያየ ጎረቤት ወዲያው ለእሳት አደጋ፣ 112፣ ይደውላል፤ መደወሉም ትክክል ነው። ጠቋሚውን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም አይታሰብ፤ ተከራይ እንዲያነሳው አይፈቀድለትም፣ ሌሊት የሚያድነውም እሱ ነው።

አሁን ከሰል። እባካችሁ፣ እባካችሁ ቤት ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ለጀበናም ለዕጣንም። እዚህ መስኮቱ አየር አያስገባም፣ የግድግዳ ስንጥቅ የለም፤ አገር ቤት በር ተከፍቶ እንደሚጠጣው አይደለም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ የጭስ ጠቋሚውም አያየውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ መስኮት ከፍታችሁ ወዲያው ውጡ፣ ከውጭ 112 ደውሉ። ለዕጣን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ማጨሻ ገዝታችሁ አንድ ሁለት ፍሬ ብቻ ጣሉበት። ጀበናው በምድጃ ይፈላል።

አዲስ ገቢ
በጣም አመሰግናለሁ። እኔ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ግድግዳችን ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እየወጣ ነው፤ አከራዩ «አየር አታስገቡም» አለን፤ እኛ ግን መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርገን ነው የምንውለው። ሌላው፣ ጎረቤት ቤት ስንጠራ ምን ይዞ መሄድ ነው ልማዱ?

ሠላሳ ስድስት
ወንድሜ፣ ገርበብ ማድረጉ ራሱ ነው ጥፋቱ። በክረምት መስኮቱን ከላይ አዘንብላችሁ ስታውሉት አየሩ በደንብ አይለወጥም፤ ዙሪያው ያለው ግድግዳ ግን ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ደግሞ የሚያርፈው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ነው፤ እዚያ ሻጋታ ይወጣል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ማሞቂያውን ዝጋ፣ መስኮቱን ሙሉ ለሙሉ ክፈት፣ ቢቻል በተቃራኒ በኩል ያለውንም፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቀህ ዝጋ፣ ማሞቂያውን መልስ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሱ፣ ገላ ከታጠባችሁ በኋላና ከምግብ ሥራ በኋላ የግድ ነው።

የኛ ምግብ አሠራር እንፋሎት ይበዛዋል። ወጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ይንተከተካል፤ እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎት ይለቀቃል። ስትጋግሩ የኩሽናውን በር ዝጉ፣ ሃያ ደቂቃ በሞላ ቁጥር መስኮቱን ክፈቱ። የእርጥበት መለኪያ በአሥር ዩሮ አካባቢ ይገኛል፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ይሁን። ቁም ሣጥንና አልጋ ከውጭ ግድግዳ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። እርጥብ ልብስም መኝታ ቤት አይሰጣ።

ማሞቂያው ላይ ያለው ቁጥር የሙቀት ልክ ነው። 3 ላይ ሲሆን ክፍሉ ወደ 20 ዲግሪ ይደርሳል፤ 5 ላይ ብታደርገው ቶሎ አይሞቅም፣ ከልክ በላይ ይሞቃል እንጂ። ለሁሉም ነገር የሻጋታውን ፎቶ ከነቀኑ አንሱና ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ መንስኤው የግድግዳው ችግርም ሊሆን ይችላል፤ ዝም ካላችሁ ግን ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል።

ጉርሻ
የግብዣውን እኔ ልመልስ። አበባ፣ ቸኮሌት ወይም አንድ ጠርሙስ ወይን ይበቃል። ሥነ ሥርዓቱ ከስጦታው በላይ ነው የሚታየው። ሳይደውሉ መሄድ የለም። አምስት ሰው ከተጠራ አምስት ሰው ነው፤ «እግረ መንገዴን የአክስቴን ልጅ ይዤ መጣሁ» የሚባል ነገር የለም፣ ምክንያቱም ሥጋውም ወንበሩም ተቆጥሯል። በሰዓቱ ድረሱ፤ አሥር ደቂቃ መቅደምም የመዘግየት ያህል ነው፣ ገና እየተሰናዱ ይሆናሉና። በር ላይ «ጫማ ላውልቅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ 15 ወይም 16 ሰዓት ላይ ለቡና ከጠሯችሁ የሚቀርበው ቡናና ኬክ ነው፤ ምሳ ሳትበሉ አትሂዱ።

ትልቁ ልዩነት ገበታ ላይ ነው። «ትጨምራለህ?» ብለው አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ። እኛ በይሉኝታ «አይ፣ በቃኝ» እንላለን፤ ሦስተኛው «በሞቴ» ላይ እጃችንን እንዘረጋለን። እነሱ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» መልስ ነው፤ ሳህኑ ይነሳል። ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው «አዎ፣ አመሰግናለሁ» በሉ። እናንተ ስትጋብዙም እንደዚሁ፦ አንድ ጊዜ ጠይቁት፣ እንግዳው በቃኝ ካለ ተዉት። ለጨዋነት ብሎ ይበላና ደግሞ የማይመጣ አለ። ጉርሻ ልታጎርሱ ከሆነ አስቀድማችሁ ምን እንደሆነ ንገሩት፣ አነስ አድርጉት።

ምግብ ቤት አብራችሁ ከሄዳችሁ ሒሳቡ «አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለየብቻ መክፈል ንፉግነት አይደለም፣ ልማዱ ነው። ለአስተናጋጁ የሚሰጠው ጉርሻ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሄዱም፣ ስትከፍሉ ጠቅላላውን ትናገራላችሁ። ሒሳቡ 27.60 ከሆነ «ሠላሳ» ትሉታላችሁ።

የልደት ነገርም አለ። ቀኑ ሳይደርስ «እንኳን አደረሰህ» አይባልም፤ ገድ የለሽ ነው ይላሉ። ሥራ ቦታ ኬክ ይዞ የሚመጣውም ባለልደቱ ራሱ ነው።

ጤና አዳም
እኔ ቆሻሻ። መደርደሩን ካላወቃችሁ የሕንፃው ሰው ሁሉ ነው የሚያየው፤ በስህተት የተሞላ በርሜል ሳይነሳ ሊቀርና ተጨማሪ ክፍያው ለሁሉም ተከራይ ሊከፋፈል ይችላል።

ወረቀትና ካርቶን ለብቻ። ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮና የወተት ካርቶን በቢጫው ከረጢት ወይም በርሜል። የምግብ ትራፊ፣ የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ በባዮው፤ ፕላስቲክ ከረጢት ሳይኖረው። የቀረው ቀሪ ቆሻሻ ነው። የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው፦ የሱቅ ደረሰኝ ወረቀት ይመስላል፣ ግን ቀሪ ቆሻሻ ነው። ዘይት የጠጣ የፒዛ ካርቶንም እንደዚሁ። የተሰበረ የውሃ ብርጭቆ ጠርሙስ መጣያ ውስጥ አይገባም፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ስለሚለይ የጠርሙሱን ቅልጥ ያበላሻል። ባትሪ ሱቅ ይመለሳል። የበርሜል ቀለምና የባዮ ደንብ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ የማዘጋጃ ቤታችሁን የዓመት መርሐ ግብር አውርዱ።

መያዣ ገንዘብ የማይከፈልበት ጠርሙስ፣ እንደ ወይንና የዘይት፣ መንገድ ዳር ወዳሉት ትላልቅ መጣያዎች ይሄዳል፤ ነጭ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ ተለይቶ። ሰማያዊ ጠርሙስ አረንጓዴው ውስጥ። እሑድና ማታ መጣል አይቻልም፣ በድምፁ ምክንያት፤ ሰዓቱ በላዩ ተጽፏል።

መያዣ የተከፈለበት፣ «ፕፋንድ» የሚሉት፣ ግን ስትመልሱት የሚመለስላችሁ ገንዘብ ነው። አንድ ጊዜ ለሚያገለግል ፕላስቲክና ጣሳ 25 ሳንቲም፣ ለሚመላለስ የቢራ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ 8፣ ለሌላው 15። አትጨፍልቁት፤ የሱቁ ጠርሙስ መቀበያ ማሽን መስመሮቹን ማንበብ አለበት። ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት ካሸር ላይ ትሰጣላችሁ።

ሙቀጫ
ድምፅን ማንም አላነሳም። ከ22 እስከ 6 ሰዓት ጸጥታ ነው፣ እሑድና በዓል ቀኑን ሙሉ። ብዙ ደንብ ላይ ከ13 እስከ 15 ሰዓትም አለ። በመሰርሰሪያ መብሳት፣ ሚስማር መምታት፣ ሙቀጫ መውቀጥ በዚህ ሰዓት የለም። ዘነዘና ወለል ላይ ሲመታ ከእናንተ ይልቅ የሚሰማው የታችኛው ፎቅ ሰው ነው፤ ንዝረቱ በኮንክሪቱ ይወርዳል። ሙቀጫውን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ግድግዳ አጠገብ፣ ሁለት እጥፍ ፎጣ ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎማ ምንጣፍ ላይ አድርጉት።

የሕፃን ልቅሶ ግን አያስጨንቃችሁ፤ ፍርድ ቤቶች የልጅን ድምፅ ሰው ሊታገሠው የሚገባ አድርገው ነው በአብዛኛው የሚያዩት።

የደርባባዋ ልጅ
ሙቀጫ፣ እሑድ ልብስ ማጠብም አይቻልም የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ሙቀጫ
እንደ ቤቱ ደንብ ነው እህቴ። ደንቡ በግልጽ ከከለከለ አትጠቢ። ካልከለከለ፣ ማሽኑ ቤትሽ ውስጥ ከሆነና ድምፁ ወደ ጎረቤት የማያልፍ ከሆነ በቀን ውስጥ ችግር የለውም። የጋራ ማጠቢያ ክፍል ከሆነ ግን እሑድ ተዪው። እሑድ ውጭ ልብስ ማስጣትንም የሚጠሉ ሰፈሮች አሉ፣ በተለይ ደቡቡ ላይ።

ሠላሳ ስድስት
ደቡብ ካልክ፣ ሽቱትጋርትና አካባቢው ያላችሁ «ኬርቮኸ» አለባችሁ። በራችሁ ላይ ሰሌዳ ተንጠልጥሎ ካገኛችሁት የሳምንቱ የደረጃ ጽዳት ተራ የእናንተ ነው። መጥረግ፣ በእርጥብ መወልወል፣ መግቢያውን መጥረግ፤ ሲጨርሱ ሰሌዳውን ለቀጣዩ ማንጠልጠል። ደረጃው ንጹሕ ቢመስልም መሥራት አለባችሁ። በረዶ ሲጥል የመጥረግ ተራ ካለ ደግሞ ጠዋት 7 ሰዓት አካባቢ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት፤ ሰው ወድቆ ቢጎዳ ተጠያቂነት ይመጣል።

አዲስ ገቢ
ምጣድ ከአገር ቤት ማምጣት ይቻላል?

ረከቦት
ቮልቴጁ ይስማማል፤ እዚህ 230 ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው በ120 የሚሠራ መጋገሪያ ግን አይሰካ፤ ወዲያው ይቃጠላል። የአገር ቤቱ ሸክላ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ የግድግዳው ሶኬት መስመር በተለምዶ 16 አምፔር ነው፣ 3.7 ኪሎዋት አካባቢ ማለት ነው። ስለዚህ በማከፋፈያ ገመድ አይሆንም፤ ገመዱ ሊቀልጥ ይችላል። በዚያው መስመር ማንቆርቆሪያ ወይም ማጠቢያ ማሽን ከበራ ፊውዙ ይወርዳል። የመሬት ሽቦ የሌለው ምጣድ ከሆነ አትጠቀሙበት። ሊጡ በክረምት አልኮፈስ ካለ ኦቭን ውስጥ አስገብታችሁ የውስጥ መብራቱን ብቻ አብሩ፤ ሙቀቱ ለእርሾው ይበቃል።

የደርባባዋ ልጅ
ለፋሲካስ? ቅዳሴው ሌሊት ነው የሚያልቀው፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ዶሮው ይቀርባል፣ እልልታ አለ።

ዋርካ
ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት መግቢያው ላይ ወረቀት ለጥፉ። ይዘቱ አጭር ይሁን፦ የኦርቶዶክስ ፋሲካ መሆኑን፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ስንት ሰዓት ላይ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ስማችሁንና ፎቃችሁን፣ የሚደወልበት ስልክ። የእኛ ፋሲካ ብዙ ዓመት ከእነሱ ጋር ስለማይገጥም ካልጻፋችሁት አያውቁትም። ወረቀቱ የጸጥታ ሰዓቱን አያነሳውም፤ ትዕግሥት ነው የሚያስገኘው። ስለዚህ ደረጃው ላይ ልጆቹን ዝም አሰኙ፣ የእንግዳ ጫማ በር ውጭ አይከመር፤ ደረጃው መሸሻ ስለሆነ ጫማም ጋሪም ሊከለከል ይችላል። እልልታውን ለቀን ምሳው አቆዩት። በማግስቱ ለታችኛው ፎቅ ሰው ድፎ ዳቦ ቆርሳችሁ ስጡ፤ ዶሮ ወጡን ሳይጠይቁ አትላኩ፣ ሥጋ የማይበላና በርበሬ የማይችል ብዙ ነው።

አባ ቀጠሮ
አንድ የቀረ። ከፍርድ ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት የሚላከው ቢጫ ፖስታ ከመጣ በዚያው ቀን ክፈቱት። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጽፋል፤ የይግባኝ ጊዜው መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው እንጂ እናንተ ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም። በቅጣት ውሳኔ ላይ ለመቃወም ሁለት ሳምንት ብቻ አለ፤ በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር። ፖስታውን አትጣሉት፣ ከደብዳቤው ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡት። ለረጅም ጊዜ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ሳጥኑን የሚከፍትና ፎቶ አንስቶ የሚልክላችሁ ሰው ቁልፍ ይያዝ።